ከሾኔ የመጣው መንገድ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ከጎረቤት ራውተር የሚመጣን መረጃ ማጣራት ጎረቤትን አለማመን ይመስለኝ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሾኔ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ራውተሮቹን የሚያስተካክሉት ልጆችም ጓደኞቼ ናቸው። ሀዲያና ከምባታ በሥራም በጋብቻም ተሳስሮ የሚኖር ሕዝብ ነውና «የምትልክልኝን መንገድ በዝርዝር ጽፈህ ስጠኝ» ማለት ይከብደኝ ነበር። ሦስቱ ከተሞች ራውተሮች መንገድ በሚለዋወጡበት ኦኤስፒኤፍ በተባለ ፕሮቶኮል ተያይዘው፣ አንዱ ያስተዋወቀውን መንገድ ሌሎቹ ሳይጠይቁ ይቀበሉ ነበር።

የደመወዝ ሰርቨሩ ያለው ሆሳዕና ነው፤ አድራሻው በ10.20.8.0/24 ውስጥ። ሾኔ ላይ ለሙከራ የተተከለ መሣሪያ 10.20.8.0/25 እኔ ጋ ነው ብሎ አስተዋወቀ። ራውተር ደግሞ ምንጊዜም ጠበብ ያለውን የአድራሻ ክልል ያስቀድማል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሆሳዕና ከራውተሩ ጎን ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ እሱ የሚላከው ሁሉ ወደ ሾኔ ሄደ። ያውም ደመወዝ በሚዘጋጅበት ሳምንት!

ሆሳዕና ላይ ገቢ ማጣሪያ አስገብቼ ያንን መንገድ አስቀረሁ። የሆሳዕና ሠራተኞች ወዲያው ሥራ ቀጠሉ፤ ከሾኔ ጋር ቀጥታ መስመር ያላት ዱራሜ ግን እንደተቋረጠች ቀረች። ጋሼ ለምንላቸው ነባር ባለሙያ ደወልኩ። «ልጄ፣ አንተ ጆሮህን ብትደፍን የእድር ጥሩንባ ነፊው ዝም አይልም፤ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በኦኤስፒኤፍ አንድ ኤሪያ ውስጥ ያሉ ራውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት የኔትወርክ ካርታ ይይዛሉ። ገቢ ማጣሪያው መንገዱን ከእኔ ሠንጠረዥ ብቻ ያስቀራል፤ ማስታወቂያው ለሌሎች መድረሱን አያቆምም። ቢጂፒ በተባለው ሌላ የመንገድ መለዋወጫ ፕሮቶኮል ግን ራውተር ያልተቀበለውን መንገድ ለሌላ አያስተላልፍም።

በኋላ ሳነብ የዓለም ኢንተርኔትም በዚሁ ሕመም መታመሙን አወቅሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ለመዝጋት 208.65.153.0/24ን አስተዋወቀ። የዩቲዩብ ማስታወቂያ ሰፊው /22 ነበር። መንገዱን የተቀበለው ትልቁ አገናኝ ኩባንያ ሳያጣራ ለዓለም አሳለፈው፤ ዩቲዩብም በብዙ አገሮች ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። ጥፋቱ በአስተዋዋቂው ቢጀመርም፣ መቆም የነበረበት በመጀመሪያው ተቀባይ በር ላይ ነበር።

እኛም ሦስቱን ከተሞች በቢጂፒ አገናኘን። እያንዳንዱ ራውተር ከጎረቤቱ የሚቀበለው በዝርዝር የተስማማንበትን ክልል ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስጠይቅ ከጓደኞቼ አንድም የተቀየመ አልነበረም፤ የእኔንም ጠየቁኝ።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች መስመር እየዘረጉ ነው። ይህን ሥራ የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አዲስ ቅርንጫፍ ከማገናኘታችሁ በፊት የሚያስተዋውቀውን አድራሻ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ በተቀባዩ ራውተር ላይ ዝጉት።