ኮምፒዩተሩስ የታለ?

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻ ላይ ነኝ። ፈታሹ ከሻንጣዬ የመጽሐፍ ውፍረት ያላት ጥቁር ሳጥን አወጣና አገላብጦ አያት።

«ምንድን ናት?»

«ኮምፒዩተር ናት፤ ማለቴ… ኮምፒዩተሩ ውስጧ የለም።»

«የታለ ታዲያ?»

«ደመና ላይ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ አውሮፕላናችንን ያዘገየውም ደመና ነው። ሳቀና አሳለፈኝ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ አውሮፕላኑ እስኪመጣ ይህችን ልሞነጫጭር።

የምሠራበት ድርጅት ስደተኞችን ይረዳል። ጋምቤላ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ300,000 በላይ ሰዎችን አስጠልላለች። አቧራውና ሙቀቱ ደግሞ ኮምፒዩተር አያስበረክትም። አዲስ አበባ የተቀመጥን የአይቲ ልጆች መላ መታን፤ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ! ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ስክሪን፣ ኪቦርድና ያቺ ሳጥን ብቻ ይቀራሉ። ዊንዶውሱም ፋይሉም ደቡብ አፍሪካ ባለ ዳታ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2011 ዓ.ም.፣ አማዞን በ2012 ዓ.ም. እዚያ ከፍተዋል። ወደኛ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ነው። አንዱን ዋና ቅጂ ስታድስ የሁሉም ዴስክቶፕ ይታደሳል። ሳጥኗ ብትሰረቅ የአንድም ስደተኛ ስም አብሮ አይሰረቅም። ይሄ መቼም ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ቀን በኩራት ተንጎራደድኩ። ለልጆቻቸው አልሚ ምግብ ሊወስዱ የሚመጡ እናቶችን የሚመዘግቡትን አዛውንትም «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ይሄን ባሕር መዝገብ ይጣሉት» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን መስመሩ ተቋረጠ። በሳተላይት ሞከርን። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ ምልክቱ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለኢሜይል ችግር የለውም። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ላይ ግን የተጫንካት ፊደል የምትታይህ እዚያ ደርሳ ስትመለስ ነው። ጋሼ «ሀ»ን ይጫናሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ደግመው ይጫናሉ፤ «ሀሀ» ይመጣል። ውጪ እናቶች ልጅ አዝለው ተሰልፈዋል።

ጋሼ አንድም ቃል ሳይናገሩ መሳቢያቸውን ከፍተው ባሕር መዝገቡን አወጡ። ለካ አልጣሉትም!

«ልጄ፣ ቀጣይዋን ጥራልኝ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስም ስጠራ ዋልኩ።

ያን ዕለት 2012 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ላፕቶፔ ጭኔ ላይ ስለነበር ቢያንስ ሪፖርቴን እጽፍ ነበር። ዴስክቶፔ ደመና ላይ ቢሆን ኖሮ የራሴን ደብዳቤ እንኳ ከፍቼ ማንበብ አልችልም። እኔ ራሴ ይሄን አይቼ፣ ጋሼን መዝገብዎን ይጣሉ አልኩ።

ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም፤ የኔ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈትሼ ጋምቤላ ላይ ተከልኩ። አሁን ለአለቃዬ የምጽፈው ይሄ ነው፦ ዴስክቶፑ ይቀጥል፤ ግን ሁለተኛ መስመር ይግባ፤ ምዝገባው ላይ መረጃቸው የተመሰጠረ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚመዘግቡና መስመር ሲመለስ የሚልኩ ሁለት ላፕቶፖች ይቀመጡ። «ወጪ ለመቀነስ አልነበር እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። የሰልፉንም ወጪ እንቁጠረው እለዋለሁ።

ባሕር መዝገቡስ? እሱን ጋሼ ያውቃሉ።

አውሮፕላኑ መጣ መሰለኝ። ቸር ይግጠመን።