ከሀዋሳ እስከ ይርጋዓለም በሁለት ጎማ

ሀዋሳ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ሐይቁና ዓሳው ነው። እኔ ግን ለእንግዳ ሳወራ መጀመሪያ የማነሳው ሜዳዋን ነው። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር በፕላን ስለተቀየሰች መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሙቀቷም ብርዷም ልክ አለው። እንጦጦን ለመውጣት የሚጠይቀው ትንፋሽ እዚህ አይጠየቅም። ብስክሌት ለሀዋሳ ሰው ሁለተኛ እግር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሥራ ዘመኔ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። እኛ ነርሶችም የሌሊት ተረኛ ስንሆን ጋወናችንን ከኋላ አስረን እንወጣ ነበር። ዛሬ ያንን ቦታ ባጃጅ ወስዶታል። ብስክሌት የልጆች መጫወቻ፣ በሰዓት የሚከራይ የእሁድ መዝናኛ ወደመሆን ተጠግቷል። በተለይ በእድሜ የገፋች ሴት ብስክሌት ላይ ስትታይ ሰው ዞር ብሎ ያያል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተውኩትም። ሁለት መንገዶች አሉኝ፤ አንዱ ለዘወትር፣ ሌላው ለዓመት በዓል ያህል የምጠብቀው።

የዘወትሩ መንገድ የሐይቁ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥቼ ወደ አሞራ ገደል እሄዳለሁ። በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጆቹ ከነታንኳቸው ሲመለሱ፣ መረባቸውን ሲያራግፉ ይደረስባቸዋል። ቆሮሶው እዚያው እየተቀረፈ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው አንጀትና ጭንቅላቱን ይጠብቃሉ። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች አሉ፤ ጦጣዎቹ ግን ዛፍ ላይ አይቆዩም፤ ሙዝ የያዘ ሰው ሲያዩ ወርደው ይቀሙታል። ከዚያ በሐይቁ ዳር ባሉት መንገዶች በኩል ወደ ጉዱማሌ እሻገራለሁ። ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ የሚከበርበት አደባባይ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በአዘቦት ቀን ግን ጥላው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነው።

ጉልበት ካለኝ ወደ ሰሜን፣ እስከ ጥቁር ውሃ ድልድይ እቀጥላለሁ። ጥቁር ውሃ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ የሚገባው ዋናው ወንዝ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ከተማው የሚጥለው ፌስታልና ፍሳሽ፣ ከእርሻው ታጥቦ የሚመጣው አፈር የትም አይሄድም። ወንዙ የሚያልፍበት የጨለለቃ ረግረግም ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ከብት የሚግጥበት መስክ ሆኗል። ይህን በመኪና የሚያልፍ ሰው አያስተውለውም። በብስክሌት ግን ውሃው የነበረበትና የሌለበት ቦታ በሽታው ጭምር ይታወቃል።

የበዓሉ መንገድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ይርጋዓለም የሚወስደው ነው። ርቀቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ይርጋዓለም ዋና ከተማነቱ ወደ ሀዋሳ ከመዛወሩ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረች አንጋፋ ከተማ ናት። ለዚህ መንገድ ብቻዬን አልወጣም። እንደኔው ጡረታ የወጡ ሁለት መምህራንና አንድ የጎረቤት ወጣት አብረውኝ ይሆናሉ። ወጣቱ ፖምፓና ትርፍ ከመነዳሪ ይይዛል፤ እኛ ደግሞ ወሬውን እንይዛለን።

አላሙራ ተራራን ከጎን ትተን ቱላን ስናልፍ ሜዳው ያልቃል። ከዚያ በኋላ መንገዱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ነው። ዳገቱ የሚያስለቅስ አይደለም፤ ቢሆንም አንዱን ወጥተው ሳይጨርሱ ሌላው ይታያል። በግራና በቀኝ የሲዳማ ገበሬ ጓሮ ነው። እንሰት ከቤቱ ጀርባ፣ ከሥሩ ቡና፣ በመካከሉ አቮካዶና ሙዝ፣ ከላይ ደግሞ ዋንዛና ሌላ የጥላ ዛፍ። እርሻ ነው ወይስ ጫካ ነው ብሎ ለመለየት ያስቸግራል። ልጆች ከአጥሩ ሥር ብቅ ብለው እየሮጡ ይሸኙናል። ትልልቆቹ «ዳኤ ቡሹ!» ይሉናል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው።

በዚህ ጉዞ አንድ የማይታይ ድንበር እንሻገራለን። ከዳገቱ በወዲህ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይወርዳል። ከዳገቱ ወዲያ የሚዘንበው ግን ወደ ጊዳቦ ወንዝ ገብቶ፣ በጊዳቦ አድርጎ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩት ባልደረባችን እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ ብስክሌታቸውን አቁመው ይህንኑ ይነግሩናል። ስንት ጊዜ እንደሰማነው ብናውቅም ዝም ብለን እናዳምጣለን፤ ትንፋሻችንም እስኪመለስ ጊዜ ይሰጠናል።

ከዚያ ወደ አፖስቶ ቁልቁለት ነው። አፖስቶ የመገንጠያ ከተማ ናት፤ ዋናው አስፋልት ወደ ዲላና ሞያሌ ሲቀጥል የይርጋዓለሙ መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚህ ወዲያ የጊዳቦ ሸለቆ አካባቢ ነው፤ አየሩ ይለዝባል፣ ከባድ መኪናው ይቀንሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሄዳችሁ የተለቀመ ቡና ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሴቶች ዙሪያውን ሆነው የተበላሸውን ሲለቅሙ ታያላችሁ። በበልግ ዝናብ መግቢያ ከሄዳችሁ ደግሞ የቡናው አበባ ፈክቶ መንገዱን ሁሉ ያውደዋል። ይርጋዓለም ስንደርስ በቅቤ የተለወሰ ቡርሳሜ በልተን፣ ቡና ጠጥተን እናርፋለን። መመለሻውን ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ላይ አስጭነን ነው የምንመጣው። በዚህ አላፍርም፤ ከሰዓት በኋላ ያ ዳገት ለኛ እድሜ አይደለም።

ልጆቼ ስልክ በደወሉ ቁጥር «እማዬ፣ ይቅርብሽ» ይላሉ። የሚፈሩት ጉልበቴን ሳይሆን መንገዱን ነው፤ እውነት አላቸው። ያ አስፋልት ወደ ኬንያ የሚዘልቅ መንገድ ስለሆነ ተሳቢውም አይሱዙውም ይበርበታል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ከብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን እንደሚመስል እኔ ከእነሱ በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ ክርክራችንን በስምምነት ጨርሰናል። ያለ ሄልሜት አልወጣም። አንጸባራቂ ሰደርያ እለብሳለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ዋናውን መንገድ እጨርሳለሁ። ዝናብ ካለ አልነሳም። ከኋላዬ የሚመጣ መኪና ድምፅ መስማት የተሳነኝ ቀን ደግሞ ብስክሌቱን ለልጅ ልጄ አስረክባለሁ። ቀኑ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ዛሬን በወንበር ላይ ማሳለፍ አልፈልግም።

እኩዮቼ ሆይ፣ መጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። ብስክሌት የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ለጉልበት ከሩጫ ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። አጥንትን ለማጠንከር ግን ብስክሌት ብቻ ስለማይበቃ የእግር ጉዞ ጨምሩበት። የኮርቻው ከፍታ ልክ የሚሆነው ተረከዛችሁ ወደ ታች የወረደውን ፔዳል ሲነካ እግራችሁ ቀጥ ካለ ነው፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ይጎዳል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከረሜላ በኪሳችሁ አይጥፋ። ደረት ላይ መጫን፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ወዲያው ውረዱ፤ ተቀምጣችሁም ሰው ጥሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን፣ ካቴናውንና ጎማውን ፈትሹ፤ መንገድ ላይ ጎሚስታ የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነው።

ለከተማችን አስተዳዳሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ሀዋሳ ሜዳዋን በነጻ ያገኘች ከተማ ናት። ለብስክሌት የተለየችው ዳር ባጃጅ ካልቆመባት፣ ዕቃ ካልተዘረጋባት፣ አሸዋ ካልተደፋባት ልጃገረዷም ትምህርት ቤት፣ አያቷም ሐይቅ ዳር በሰላም ይደርሳሉ። ይህን ለማድረግ ተራራ መናድ አያስፈልግም፤ ያለውን መንገድ ማስከበር ይበቃል።

መጪው ኅዳር የቡና ለቀማው ሲደምቅ እኛ አራታችን ለይርጋዓለም ቀጠሮ አለን። መንገድ ላይ ካገኛችሁን ክላክስ ሳታስጮሁ፣ ራቅ ብላችሁ እለፉን።