ነሐሴ 12 የማን ልደት ነው?

ነሐሴ 12 በመጣ ቁጥር የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ልደት አንድ ላይ ይከበራል። ባልና ሚስት በአንድ ቀን ተወለዱ ሲባል ለጆሮ ይጥማል፤ የኔም ጥርጣሬ ከመጣፈጡ ይጀምራል። የምኒልክስ እሺ፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ፤ ቀመሩ ሲሰላ ዕለቱ ቅዳሜ ይውላል። አያታቸው ሣህለ ሥላሴ ዙፋን ላይ ነበሩ፤ ቤቱም አቤቶ ነጋሢ ከመንዝ ከተነሡ ወዲህ ዘሩን ሲቆጥር የኖረ ነው። የጣይቱን ግን አንዱ ጸሐፊ 1832፣ ሌላው 1843 አካባቢ ይለዋል። ዓመቱ ዐሥር ዓመት ያህል የሚያወዛግብ ልደት፣ ቀኑ ላይ ሲደርስ እንዴት እንዲህ ቁርጥ አለ? 1832 ልክ ከሆነማ እቴጌይቱ ለባላቸው ታላቅ ናቸው፤ ሻማ የሚያበራው ሁሉ ይህን ያሰበበት አይመስለኝም።

መልሱ ያለው በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ቀን አቆጣጠር ውስጥ ይመስለኛል። እዚያ ቀን የሚታወቀው በታቦት ነው፦ 5 አቦ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ማኅበር የሚጠጣውም፣ ሞፈር የሚሰቀለውም በእነዚሁ ነው። እናት ስለ ልጇ ብትጠየቅ «ገብሱ ሲያሸት፣ በሚካኤል» ትላለች፤ ዓመቱ ሲጠፋ ሚካኤል ይቀራል። በ10 ወይም በ14 የተወለደም ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የሚካኤል ልጅ ይሆናል። ሞት እንዲህ አይዋልልም፤ አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ ተዝካሩ ስላለ ቀኑን የሚጠብቅለት አያጣም። ልደትን ግን ከክርስትናው ወዲያ ማን አስቦት? የጣይቱ ዕረፍት የካቲት 4 ቀን 1910 ተብሎ ተቆርጦ ይታወቃል። የታቦት ቀን ምን ያህል እንደሚስብ ለማየት የ1911ዱን የኅዳር በሽታ መመልከት ይበቃል፦ ለሳምንታት ሰው የፈጀ ወረርሽኝ ነው፤ የሚታሰበው ግን በኅዳር 12፣ በሚካኤል፣ በየደጁ ቆሻሻ እየታጠነ ነው።

«ታዲያ ዓድዋስ? የካቲት 23 ጊዮርጊስ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው፤ ያውም እሑድ። ነገር ግን ጦሩን በየካቲት 22 ሌሊት ያንቀሳቀሰው የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ እንጂ ምኒልክ አይደሉም፤ ቀኑንም ሁለቱም ወገን ጽፎታል፤ በቃል ተስቦ ጊዮርጊስ ላይ አልወደቀም። እውነተኛ ግጥምጥም አለ ማለት ነው። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ሌላ ነው፦ በግንቦት 1929 የጣሊያኑ ጄኔራል የማሌቲ ጦር ገዳሙን የፈጀው በተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም፣ በግንቦት 12 ሰሞን ነው። ያን ያህል ሰው እዚያ የተገኘው በዓል ስለነበረ ነው፤ ይህን ግጥምጥም ማለት ይከብደኛል።

«ቢከበር ማንን ጎዳ?» ለሚለኝ፣ ማክበሩን አልተቃወምኩም፤ «በዚህ ቀን ተወለዱ» ብሎ መጻፉን ነው። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አልዋጥ ያላቸው፣ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ከውኃው ያስቆረጡ ሴት፣ ልደት ከባላቸው እንዲዋሱ መደረጋቸው ለእሳቸውም የሚጥማቸው አይመስለኝም። ሌላ የልደት ቀን አምጣ ከተባልኩ የለኝም፤ የሚጽፍላቸው ጸሐፊ አጠገባቸው የቆመው ዙፋን ላይ ከወጡ በኋላ ነው።