አገር ስጠኝ

ሰው ሙያውን ሲጠየቅ ሐኪም ነኝ፣ አናጢ ነኝ፣ መምህር ነኝ ይላል፤ «ጠያቂ ነኝ» የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመንም። ይሁን እንጂ በቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ሰውን እየጠየቀ፣ ሲያውቅ እየሸለመ፣ ሲስት እያጽናና እንጀራውን የሚበላ ሰው በየአገሩ አለ። እኛ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ዛሬ ብዕር ያነሣነው ስለዚሁ ሰው ነው። አንባቢ «ፈተና ደርሶ ሳለ ይህ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?» ቢል አንፈርድበትም፤ ነገሩ ከፈተና ጋር እንደሚገናኝ ግን ጥቂት ቢታገሠን ያያል።

ይህ ጨዋታ ከባሕር ማዶ የመጣልን የሚመስላቸው አሉ። ከመካከላችን በመርሳ፣ በውርጌሳና በሲሪንቃ ያደግነው ግን ቴሌቪዥን ከማየታችን በፊት ከምድጃ ዳር እናውቀዋለን። «እንቆቅልሽ!» ይባላል፤ «ምን አውቅልህ!» ይመለሳል። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ይሞክራል፤ ይስታል፤ ያን ጊዜ «አገር ስጠኝ» ይመጣል። ሽልማቱ ገንዘብ ወይም መኪና ሳይሆን አገር መሆኑን ልብ ይሏል። መርሳን ከነማንጎዋና ከነፓፓያዋ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ለታናሽ ወንድሙ ያስረከበ ጓደኛ አለን፤ ወልድያን ግን «የአክስቴ ቤት እዚያ ነው» ብሎ እምቢ አለ። አገር የተረከበው ደግሞ ዝም ብሎ አይወስድም፤ እዚያ ገብቶ እንዴት ተንደላቆ እንደ ኖረ ይደረድርና በመጨረሻ መልሱን ይናገራል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ይመስለናል። አለማወቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በሣቅ ነው፤ የከፈለውም ሰው መልሱን ይዞ ይተኛል።

በቴሌቪዥን መስኮት ለዚህ የሚቀርብ ነገር ያየነው በኢቢኤስ በተላለፈው «የቤተሰብ ጨዋታ» ነው፤ ሲመሩት ያየናቸው አቶ ነፃነት ወርቅነህ ናቸው። የጨዋታው ዐይነት መጀመሪያ የታየው በአሜሪካ በ1976 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሪቻርድ ዳውሰን የሚባል ተዋናይ ይመራው ነበር። ሁለት ቤተሰቦች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አስቀድሞ መቶ ሰዎች የተጠየቁት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ነጥብ የሚያገኘውም እውነቱን የተናገረ ሳይሆን ብዙዎቹ ምን ብለው እንደ መለሱ የገመተ ነው። (የፍልስፍና መምህራችን ይህን ቢሰሙ የሚሉትን ለመገመት መቶ ሰው መጠየቅ አያሻም።) እኛ ግን ነጥቡን ትተን መሪውን ነበር የምናየው። አንዲት እናት ከጥያቄው የራቀ መልስ ሲሰጡ መሪው ምን ያደርጋል? ቶሎ ካለፋቸው ያፍራሉ፤ ካሾፈባቸው ልጆቻቸው ይቀየማሉ። መልሳቸውን ተቀብሎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ተመልካቹን ከእርሳቸው ጋር የሚያሥቅ ከሆነ ግን ሴትዮዋ ተሸንፈውም ቀና ብለው ይወጣሉ። የዚህ ሙያ ልኩ የሚታየው ከተሳሳተው መልስ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ሰከንዶቹን የፈሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ደግሞ እንመልከት። በ1956 በአውሮፓ አቆጣጠር «ትዌንቲ ዋን» የሚባል የዕውቀት ውድድር በኤንቢሲ ይታይ ነበር፤ መሪው ጃክ ባሪ ነበር። ኸርበርት ስቴምፕል የሚባል ተወዳዳሪ ሳምንት በሳምንት ሲያሸንፍ ቆይቶ አዘጋጆቹ ስለ ሰለቹት እንዲሸነፍ አዘዙት። የሚስተውንም ጥያቄ መረጡለት፤ የ1955ን ኦስካር የወሰደው ፊልም የትኛው ነው? መልሱ «ማርቲ» ነበር፤ ስቴምፕልም ፊልሙን አይቶ ወድዶታል፤ እንደ ታዘዘው ግን የሌላ ፊልም ስም ጠራ። በእርሱ እግር የገባው ቻርልስ ቫን ዶረን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ ማለት የእኛው የአርት ሰው። ግንባሩን እየጠረገ፣ እየተጨነቀ የሚያስብ እየመሰለ 129 ሺሕ ዶላር አገኘ። በኅዳር 1959 ግን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ይሰጠው እንደ ነበር ተናዘዘ። እኛ አገር ለዚህ የወጣለት ስም ኩረጃ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ኮራጁ ላይ መብራት መብራቱ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችን የሚያደላው ግን ወደ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነው። እርሳቸው ነጥብ አይቆጥሩም፤ አሸናፊና ተሸናፊ አይለዩም፤ ስለዚህ «የጨዋታ መሪ አይደሉም» የሚለን ቢኖር አንከራከረውም። በአገራችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ሕፃንን ማናገር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያሳዩት ግን እርሳቸው ናቸው። በ1916 ዓ. ም. በባሌ ተወለዱ። ከጠላት ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ ቴአትር ገቡ፤ ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት በዚያ ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ድርሻ ይጫወቱ ነበር። ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘውን ወታደሮች አጫውተዋል፤ ምትሃትም ያሳዩ ነበር። በሥራው ብዙ የተሣቀበት ሰው ሣቅን አይፈራም፤ ሌላውንም ከሣቅ ያስጥላል።

በ1957 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲከፈት የልጆቹን ጊዜ ያዙ። ሥርጭቱ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ ኢሕአዴግ ገባ፤ በልጆች ሰዓት ግን ያው ሰው ተቀምጠው «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። እስከ 1998 ዓ. ም. ዘለቁ፤ በሐምሌ 2009 ዓ. ም. ዐረፉ። እኛ ዝግጅቱ ሲቆም ገና በአንቀልባ ነበርንና የምናውቃቸው ከወላጆቻችን አፍና ከቀረው ቅጂ ነው። በቅጂው ላይ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኑ ቃል ጠፍቶት ሲንተባተብ አይቸኩሉም፤ ጎንበስ ብለው ይጠብቁታል።

እኛን እንዲህ የጠበቀን ማን ነው? በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ መልስ የሳተ ልጅ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆሞ ይውል ነበር። ዛሬ በሴሚናር መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ሠላሳ ሰው ጫማውን የሚመለከተው ስለዚያ ይመስለናል። ከዚያም ፈተናው መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. በጦርነቱ ሥር ነበረች፤ ትምህርት የለም፣ መብራት የለም። በዚያ ጨለማ ጎረቤት ተሰብስቦ እንቆቅልሽ ሲጫወት ከልጆቹ አንዷ «አገር ስጪኝ» ስትባል ማልቀሷን እናስታውሳለን፤ እናቷም «ለዛሬ አገር የሚሰጥ የለም፤ በባዶ ንገሯት» አሉ። ያ ልጅነት ገና ሳይለቀን ለብሔራዊ ፈተና ተቀመጥን። ኩረጃ እንዲቀር የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ፤ በአገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2015ቱ ደግሞ 3.2 ከመቶ። ስንቶቻችን በማካካሻ ትምህርት እዚህ እንደ ደረስን እርስ በርሳችን እናውቃለን።

ኩረጃው መቅረቱን አንጠላም፤ የቫን ዶረንን ታሪክ የጻፍነውም ለዚህ ነው። የሚቆረቁረን ሌላ ነው። ከመቶው 97ቱ ውጤታቸውን በስልክ መስኮት አዩ፤ ቁጥር ብቻ። የትኛውን ጥያቄ እንደ ሳቱ የነገራቸው የለም፤ ትክክለኛውን መልስ ያሳያቸው የለም። እንቆቅልሽ እንኳ አገር ከወሰደ በኋላ መልሱን ይሰጣል፤ ይህ ግን አገሩንም ወሰደ፣ መልሱንም ይዞ ሄደ።

ማኅበራችን ከፈተና በኋላ ለሚያደርገው የጥያቄና መልስ ምሽት ጠያቂ የሚሆን ሰው እየፈለገ ነው። በጥሩ ድምፅና በጥሩ ኮት ተማምነው የቀረቡ አሉ። እኛ እያንዳንዳቸውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅን፤ ተወዳዳሪው ባያውቅ ምን ትላለህ? ሦስቱ «ጊዜህ አልቋል፣ ቀጣይ! እላለሁ» አሉ። አራተኛዋ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጥቂት አሰበችና «አገር ተቀብዬ መልሱን እነግረዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ማይክራፎኑም አሮጌ ነው፤ ስለዚህ ከፊት መቀመጥ የሚሻ ቀደም ብሎ ይምጣ።