በረንዳ ላይ የቀረው ወንበር

መኪናው ግቢያችን የገባው በ2015 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ነበር። ባለ ሰባት ወንበርና በናፍጣ የሚሠራ ላንድክሩዘር ፕራዶ ሲሆን፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችንን ኮሮላ ሸጠን፣ ከዘመድም ተበድረን (ያለ ወለድ መሆኑ ይታወቅልን) የገዛነው ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ያደጉት በቤታችን አጥርና በትምህርት ቤታቸው አጥር መካከል ስለሆነ ወንዝ ሲባል የሚያውቁት ቀበናን ብቻ ነው። ቀበናን ያየ ሰው የምንለው ይገባዋል። በመሆኑም ገና መኪናውን ስንረከብ በሁለታችን ልብ የነበረው፣ ልጆቹን ይዘን ከከተማ ወጥተን፣ በድንኳን አድረን፣ የአላህን ፍጥረት እናሳያቸው የሚል ሐሳብ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ያበላሸን ፎቶግራፍ ነው። ዱባይ የሚኖር ዘመዳችን፣ በዚያ አገር በብርድ ወራት በረሐ ወጥተው የሚያድሩ ቤተሰቦች መኪናዎቻቸውን እንዴት እንደሚያሰናዱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን በስልክ ይልክልን ጀመር። ጣራ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ከጭቃ የሚጎትት የብረት ገመድ፣ ሞተሩ ጎርፍ ውስጥ አየር የሚስብበት ረጅም ቱቦ፣ ከፊት የሚገጠሙ አራት መብራቶች። እኛም ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተር ይዘን መጻፍ ያዝን። በክረምት ወራት ከቤት የማንወጣ ሰዎች የጎርፍ ቱቦ ምን እንደሚያደርግልን አልጠየቅንም።

ደብተሩን ይዘን የሄድነው ለሠላሳ ዓመት ያህል ጋራዥ ውስጥ ወደኖሩት የሠፈራችን መካኒክ ነው። ሁሉም ሰው ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደዚያው። ሐጂ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበቡና እርሳስ ጠየቁን። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ኪሎውን መጻፍ ጀመሩ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ጀሪካኑን ሳይጨምር 34 ኪሎ ገደማ። የጣራው ድንኳን ሌላ 60 ኪሎ። ማቀዝቀዣው ከነምግቡ፣ የጣውላው ሣጥን፣ የመጎተቻው ሞተር ከነብረት መከላከያው፤ እያሉ ወረዱ። ከዚያም እኛን ራሳችንን ደመሩ። ድምሩ ፋብሪካው መኪናው እንዲሸከም ከፈቀደው ጋር ሲተያይ ልናልፍ ጥቂት ነበር የቀረን።

«ከሁሉ የሚከፋው ላይ የሚወጣው ነው» አሉን። «ፖርቶ መጋላ ላይ የጫናችሁት ኪሎ መታጠፊያ ላይ ይጥላችኋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ይግላል።» ቱቦውን፣ መጎተቻውንና ሦስቱን መብራት ሰረዙ። የጣራውን ድንኳን ግን ከእጃቸው አስጣልናቸው፤ ልጆቹ በጣም ወድደውት ነበር። ሣጥኑንም እንዲሁ። ሣጥን ስንል ባለሁለት መሳቢያ የኮምፔንሳቶ ሣጥን ሲሆን፣ በአንደኛው ወጥ ቤቱ፣ በሌላው ልብሱ ይገባል፤ ማቀዝቀዣው ከላዩ ይቀመጣል። ለዚህም ሲባል የኋላዎቹ ሁለት ወንበሮች መውጣት ነበረባቸው። እኛ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻችን ጋር አምስት ነን፤ አምስት ወንበር ይበቃናል።

ሐጂ ብሎኖቹን ፈትተው ወንበሮቹን ካወጡ በኋላ በሁለት እጃቸው ይዘው «እነዚህን የት ላስቀምጥላችሁ?» አሉን። ቤት ወሰድናቸው። አንዱን ዕቃ ቤት ከተትነው፤ ለሌላው ቦታ ስላልተገኘ ከሥሩ ጣውላ አድርገን በረንዳ ላይ ተውነው።

ከእኛ ጋር እናታችን ይኖራሉ። የአንዳችን እናት ናቸው፤ ዓመታት በማለፋቸው ግን የማንኛችን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ተወልደው ያደጉት ባሌ ጎባ ሲሆን፣ ተድረው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ጎባ የተመለሱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለለቅሶ። የጠዋት ፀሐይ መሞቅ ስለሚወዱ ያቺን ወንበር ወዲያው ለመዷት።

አንድ ቅዳሜ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆነን የሰማነው ይህን ነው። የአምስት ዓመቷ ትንሿ ልጃችን ከወንበሩ ፊት ቆማ የታክሲ ረዳት ሆናለች።

«ወዴት ነው፣ እማማ?»

«ጎባ።»

«ሒሳብ!»

እናታችን የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ብር ሰጧት። «ከጎባስ ወዴት ነው?» አለች። «ከጎባማ ወደ ላይ ነዋ፣ ሰነቲ። አባቴ ቡና ሊገዛ ወደ ደሎ መና ሲሄድ በፈረስ ያቋርጠው ነበር። ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ብርድ ነው።»

ሁለታችንም እጃችን ላይ የነበረውን ሥራ አቆምን። ደብተራችን ላይ የሄድንበት አገር ስም ተጽፎ ነበርና። ባሌ ነበር። ዲንሾ፣ ሰነቲ፣ ሐረና። ለሦስት ወር መሳቢያና መብራት ስንቆጥር፣ በቤታችን ውስጥ ያን አገር የሚያውቁ አንድ ሰው መኖራቸውን አልዘነጋንም፤ ይልቁን «ብርዱ ይከብዳቸዋል፣ ጉልበታቸውም አይችልም» ብለን በእሳቸው ፋንታ ወስነንላቸው ነበር። ማታ ከኢሻ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠን ጠየቅናቸው። «እኔ መቼ አልሄድም አልኩ?» አሉን። «የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

ሰኞ ዕለት ከነሣጥኑ ሐጂ ዘንድ ተመለስን። ሐጂ አልሳቁብንም። «አንዱን ነው ሁለቱን?» ብቻ አሉ። ስድስት ሆነናል፤ ስለዚህ አንድ ወንበር። ሣጥኑ በመጋዝ ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው መሳቢያ ቀረ። ማቀዝቀዣው ቦታ አጣና ለአንድ ወዳጃችን ሱቅ ተሸጠ። የጣራው ድንኳንም ገና ከዱባይ ሳይመጣ ቀረ፤ በመሰላል የሚወጣ ድንኳን ጉልበት ለሚያመው ሰው ምኑም አይደለም። በምትኩ መርካቶ ወርደን ሳይጎነበሱ የሚገባበት፣ መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን ገዛን። በገንዘቡ ትርፍ ጎማ መንፊያና ጥሩ የብርድ ልብሶች ጨመርን። ከሣጥኑ የተቆረጠውን ጣውላ ሐጂ ራሳቸው መኪናው ውስጥ ከተቱልንና «ይህን አታውርዱት» አሉ። ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም።

ማቀዝቀዣው በመሸጡ ያዘነ ቢኖር እኛ ነን እንጂ እናታችን አይደሉም። የገብስ ቆሎ ፈጭተው በተነጠረ ቅቤ ያሹት ጭኮ ያለ ምንም ማቀዝቀዣ ሳምንታት የሚቆይ ምግብ ነው፤ በሶውና ቋንጣውም እንዲሁ። ሐኪማቸውንም አማከርን። ወደ ከፍታው በአንድ ቀን እንዳንወጣ፣ መጀመሪያ ዝቅ ካለው ቦታ ሁለት ሌሊት እንድናድር፣ ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንከራከር እንድንወርድ አዘዙን።

የወጣነው በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ በልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት መዝግቦት ስለነበር ትልቁ ልጃችን ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቷል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሮቤ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቀን፣ ሱብሒን ሰግደን ተነሣን። አዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቆጂ ላይ ልጆቹ የነደራርቱና የነቀነኒሳ አገር መሆኑን ሲሰሙ ወርደው መሮጥ አማራቸውና ሮጡ። ሃምሳ ሜትር ያህል።

ዲንሾ የደረስነው ዐስር ሲገባ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት፣ በጽድና በኮሶ ዛፎች የተከበበ፣ የደጋ አጋዘን በድንኳን አጠገብ የሚያልፍበት ስፍራ ነው። ቂብላውን በኮምፓስ ስናይ መርፌው በሚያሳየው ሰሜን ላይ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ዲንሾና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናታችን ይህን ከአባታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ተራራውን አይተው ቆሙ እንጂ ኮምፓስ አልጠበቁም።

ስለ ሌሊቱ ብርድ ጥቂት ብንል ለሌሎች ቤተሰቦች ይጠቅማል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ጥር ላይ ሣሩ አመዳይ ይይዛል። ለእናታችን ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ሰጥተን፣ እኛ በአየር የሚነፋውን ወሰድን። እሳቸው ደህና ሲያድሩ እኛ ሌሊቱን ስንንቀጠቀጥ አነጋን። በፍራሹ ውስጥ ያለው አየር የመሬቱን ብርድ ወደ ገላ ያመጣዋል፤ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ቢደረብ ከሥር ካልተነጠፈ ዋጋ የለውም። በማግስቱ ሰሌንና አንድ ብርድ ልብስ ከሥር አነጠፍን፤ ተኛን። የድንኳኑንም መተንፈሻ ምንም ቢበርድ አልዘጋንም። የቡናው ከሰል ፍም እንዳለ ወደ ድንኳን እንዲገባ ልጆቹ ሲለምኑ በፍጹም አልፈቀድንም፤ የከሰል ጭስ ሳይሸት የሚገድል መሆኑን በየክረምቱ የምንሰማው መርዶ አስተምሮናል። ሌላው፣ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስራችን ሁለት ሰዓት ቆይቶም ጥሬ ነበር። ፕሬዠር ኩከር ያልያዘ ሰው ምስር አይያዝ። ለውዱእ ደግሞ በቡታጋዝ ውኃ ለብ እናደርግ ነበር፤ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በኹፍ ላይ ማበስ የተፈቀደ መሆኑ በዚያ ብርድ ምን ያህል ምሕረት እንደሆነ እግራችን ነገረን።

በሦስተኛው ቀን በጎባ በኩል ወደ ሰነቲ ወጣን። አስታው እያነሰ፣ ጅብራው እየበዛ ሄደ፤ ከዚያም ሜዳው ተከፈተ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ከፊት ይታያል። መኪናው ትንፋሽ አጠረው፤ ዝቅ ባለ ማርሽ ቀስ ብለን ነዳነው። እናታችን የፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ትልቁ ልጅ በመለስናት የኋላ ወንበር። እዚህ ጋ ፈረሶቹ ያርፉ ነበር፣ እዚያ ጋ አንድ ዓመት በረዶ ይዞን ነበር እያሉ በጣታቸው ያሳዩናል። ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ርቃ አይጥ ስታድን አየን። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ የቀሩ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት እዚሁ ባሌ ናቸው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲመለከቱ እናታችን «እኛ ስናባርራት ነበር» አሉ በለሆሳስ።

ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ስንወርድ ሹል ድንጋይ የኋላ ጎማችንን ተረተረው። ክሪኩ ያለው ከዕቃ ሁሉ ሥር ነው! ድስቱም፣ ድንኳኑም፣ ጭኮውም መንገድ ላይ ተዘረገፈ። ክሪኩ ከተገኘ በኋላ ደግሞ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ለስላሳው አፈር ውስጥ ራሱ ይሰምጥ ጀመር። እናታችን ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱ ቆዩና «ያ ጣውላ ምን ይሠራል?» አሉ። የሐጂ ጣውላ ነበር። ከክሪኩ ሥር አደረግነው፤ መኪናው ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሪኩና ጣውላው ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚጫኑት። ዙህርና ዐስርን እዚያው መንገድ ዳር አሳጥረን፣ ባንድነት ሰገድን።

አልሐምዱ ሊላህ፣ በደህና ተመለስን። ሁለተኛዋ ወንበር በረንዳው ላይ እንዳለች ነበረች። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ሲያስፈራራ ወደ ዕቃ ቤት ልናስገባት ስናነሣት እናታችን ከውስጥ ወጡ።

«ወዴት ትወስዷታላችሁ?»

«ዝናብ እንዳይመታት ነው።»

«መኪናው ላይ መልሷት። ለእኅቴ ነግሬያታለሁ።»

ሣጥኑ አሁንም አናጢው ቤት ነው ያለው።