በሁለት ብሎን የተያዘ መስኮት

በጦር ሰፈር የሚኖር ቤተ ሰብ እንደሚያውቀው፣ ባል ወደ ግዳጅ ሲሄድ በሚስት እጅ የሚቀሩት ልጆችና የወር ወጪ ብቻ አይደሉም። የሚያፈስ ጣራ፣ የላላ ማጠፊያ፣ ያረጀች መኪናም አብረው ይቀራሉ። እኛ ባልና ሚስት ይህን ጽሑፍ በአንድነት ማቅረባችን በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁለታችን አንዱ በመስከረም ወር ወደ ሩቅ ምድብ ይሄዳል፤ ሌላዋ ከሁለት ሕፃናትና ከአንዲት አሮጌ ቮልስ ጋር በቢሾፍቱ ትቀራለች። የቮልሷ የግራ መስኮት ደግሞ በሐምሌ ዝናብ መካከል በድንገት ወደ በሩ ሆድ ሰመጠ።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ለሚታየው ሰው አንድ ነገር እንጨምር። ታናሹ ልጃችን ደረቱን ስለሚያመው በየወሩ አዲስ አበባ ወስደን ለሐኪም እናሳየዋለን። መንገዱ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መስኮት በሌለው በር በክረምት እርሱን ይዞ መጓዝ የማይታሰብ ነበር።

መኪናዋን ያየ አንድ ባለ ጋራዥ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ በማስቲሽ ለዘለዓለም ማሸግ እንደሚሻል መከረን። ምክሩን አልተቀበልንም። ቮልስ አየር ማቀዝቀዣ የላትም፤ ዝናብ ሲዘንብ መስተዋቷ በሰው ትንፋሽ ይደበዝዛል፤ መስኮቷን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ የማይችል አሽከርካሪ ፊቱን እንደ ታሰረ ይቆጠራል። የዚህችን መኪና የመጨረሻ ምርት የሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው፣ ማንኛውም ትዕግሥተኛ እጅ ሊፈታትና ሊገጥማት ስለሚችል ጭምር ይመስለናል። እንዲህ ያለችውን መኪና በማስቲሽ ማሸግ ነውር ሆኖ ታየን።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ፣ በአገልግሎት ዘመናቸው በተሽከርካሪ ጥገና ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን» ብለን ብንጠራቸው፣ ወንበር አስመጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡና መፍቻውን ለባል ሳይሆን ለሚስት ሰጡ። «ልጄ፣ እርሱ ሄያጅ ነው። የምትቀሪው አንቺ ነሽና አንቺ ፍቺው» አሉ። ባል የሆነው ወገናችን ፋኖስ ያዥ ሆኖ ቀረ።

የማዞሪያው እጀታ ብሎን ከተፈታ በኋላ፣ የበሩ የውስጥ ልባስ ዙሪያውን በያዙት ትንንሽ መቆንጠጫዎች በኩል ቀስ እየተባለ ተነሣ። ከሥሩ እርጥበት የሚከላከል ላስቲክ አለ፤ ብዙ ሰዎች ቀድደው ይጥሉታል፣ እኛ ግን በጥንቃቄ ገልጠን አቆየነው። ከዚያ የመስኮቱ ምስጢር ታየ። ብርጭቆው ከታች በጠባብ የብረት አሸንዳ ውስጥ ቆሟል፤ በብርጭቆውና በብረቱ መካከል ጎማ አለ፤ አሸንዳው ደግሞ ከመስኮቱ ማንሻ ጋር በሁለት ብሎን ብቻ ይያያዛል። በእኛዋ ቮልስ ብሎኖቹ እንዳሉ ነበሩ። የከዳው ጎማው ነው። በብርጭቆው ፊት የሚወርደው የዝናብ ውኃ ወደ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ከበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። የእኛ ቀዳዳዎች ግን በጭቃና በቅጠል ተደፍነው፣ ውኃው ስለ ተኛ አሸንዳው ዝጎ ጎማውን በልቶታል።

ሃምሳ አለቃው በአንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነበሩ። የበር ብርጭቆ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ፣ ገጹን በመዳፍ ቢመቱት ይችላል፤ ጠርዙን በብረት ከነኩት ግን መላው በአንድ ቅጽበት እንደ ጨው ይረግፋል። ስለዚህ መዶሻ ከአካባቢው እንዲርቅ አዘዙ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ አሸንዳውን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ሌሊቱን አሳደርነው። በማግሥቱ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የገዛነውን አዲስ ጎማ በብርጭቆው ግርጌ አልብሰን፣ በሳሙና ውኃ አርሰን፣ አሸንዳውን በእንጨት ቁራጭ ቀስ በቀስ እየገፋን አስገባነው። ግራሶ አልነካንም፤ ግራሶ ጎማን ያሳብጣል፤ የሳሙና ውኃ ግን ሲደርቅ ጎማው ብርጭቆውን አጥብቆ ይይዛል።

አሸንዳው በብርጭቆው ላይ በየትኛው ቦታ መቀመጥ እንዳለበት እንዴት ይታወቃል? የግራው ስለ ወለቀ ምልክት አልነበረውም። መልሱን ያገኘችው ሚስት የሆነችው ወገናችን ናት። ልብስ ስፌት ታውቃለችና፣ የግራ እጅጌ የቀኙ ግልባጭ መሆኑን አስታውሳ የቀኙን በር ከፈተች፤ ርቀቱን በስፌት ሜትሯ ለክታም በግልባጩ አዛወረችው። ሃምሳ አለቃው ምንም ሳይናገሩ ሻያቸውን ጠጡ። ከእርሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የቀረው ሁለቱን ብሎኖች ማሰር ነበር። ይህንንም ቸኩሎ የሚያጠብቅ ይጸጸታል። በመጀመሪያ ብሎኖቹን በጣት ብቻ አስገብተን፣ መስኮቱን እስከ ላይ አዞርነው፤ ብርጭቆው በክፈፉ ውስጥ ቦታውን ራሱ ካገኘ በኋላ በ10 ቁልፍ አጠበቅናቸው። የቮልስ የሥጋ ዘመድ የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ባለ ስፖርት ቅርጿ ካርማን ጊያ፣ በበሯ ላይ ክፈፍ የላትም። ብርጭቆዋ ከጣራው ጎማ ጋር ያለ መሪ መገናኘት ስላለበት፣ ይኸው ሥራ በእርሷ ላይ እጅግ ይከብዳል። ውበትዋ ያለ ዋጋ አልመጣም ማለት ነው።

የቀኙ በር ገና አልወደቀም ነበር፤ ነገር ግን ተከፍቶ ሲለካ አሸንዳው እንደ ግራው መዛግ መጀመሩ ስለ ታየ፣ በሚቀጥለው እሑድ እርሱም ተፈታ። በዚህ ጊዜ የሠራችው ሚስት ብቻዋን ናት። ባል ልጆቹን ይዞ ከደጅ ተቀመጠ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ለመነሣት ቢሞክርም «ተቀመጥ፣ በመስከረም የት ልትሆን ነው?» ተባለ። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። የበሮቹን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ጠራርጋ፣ በጆግ ውኃ አፍስሳ ከግርጌ ሲወርድ አየች።

የ10 ቁልፉ፣ የሽቦ ብሩሹና የተረፈው ጎማ አሁን በወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከስፌት ሜትሩ ጋር ተቀምጠዋል። የልጃችን የሐኪም ቀጠሮ ማክሰኞ ነው፤ መኪናዋንም የምትነዳው እርሷ ናት።