ከቦሌ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

ዛሬ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አይዟችሁ፣ የማትሪክ ዓይነት አይደለም! ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። አካፍሉት፤ 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

እናላችሁ፣ እኛ ጓደኛሞቹ ይሄን ሂሳብ የምንሠራው ለጨዋታ አይደለም። ከመካከላችን ዲሲና አካባቢዋ ወንድም፣ አክስት ወይም አጎት የሌላት የለችም። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ እዚያ በረዶ በሚጥልበት ወቅት እኩለ ሌሊት እንደሆነ ሳናሰላ ነው የምናውቀው።

ሂሳቡ ግን አንድ ጉድ አለው። መሄጃውና መመለሻው እኩል አይደለም! ከደለስ የተነሣው በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ያርፋል። ከቦሌ የሚሄደው ግን ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሮምም ደብሊንም ያረፈባቸው ዓመታት ነበሩ። በዚህ ላይ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ለምን ብትሉ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብዳል። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በከፍታው ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ሂያጁን ይጋፋል፤ ተመላሹን ከኋላ ይገፋል።

አያችሁ? ተፈጥሮ ራሷ "መመለሱ ይቅለላችሁ" ያለች ትመስላለች። የሰው ሂሳብ ግን ተገልብጧል። በ16 ሰዓት የሄደ ሰው፣ የ13 ሰዓቱን መንገድ ለመጀመር 10 ዓመት ይፈጅበታል። ወረቀቱ ስላላለቀ ከወጣ መግባቱ የሚያሰጋው አለ። ሁለት ሥራ ይዞ ከአንዱም ፈቃድ ያጣ አለ። ቲኬቱን መግዛት እየቻለ፣ "ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?" ብሎ የሚቀርም አለ።

ኀዘን ሲመጣ ነው ነገሩ የሚከፋው። እኛ ዘንድ ቀብር አይቆይም፤ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው። የአንዳችን አያት ያረፉ ጊዜ ልጃቸው ዲሲ ነበሩ። መርዶውን ዘመድ በንጋት በራቸውን አንኳኩቶ ነገራቸው። ቲኬት ተፈልጎ፣ አሠሪ ተለምኖ፣ ቦሌ ሲደርሱ ሰልስቱ አልፏል። እቤት ሲገቡ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ወደ ዕድሩ እየተመለሰ ነበር። አውሮፕላኑ አንድ ደቂቃ አላጓደለም፤ በሰዓቱ ነው ያረፈው።

ስለዚህ እዚያ ማዶ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁ ያለቀ ወንድምና እህቶች፣ ለሻንጣ ብላችሁ አትቅሩ። ሽቶውም ጫማውም ይቅር። እናቶቻችሁ ቦሌ ድረስ መጥተው ሊቀበሏችሁ ጉልበት እያላቸው፣ ባዶ እጃችሁን ኑ። እዚህ ያለነው ደግሞ የጫማ ቁጥር መላኩን እንቀንስ።

ቸር ያገናኘን!